የባለ ሽጉጥ ስም ለማን ይገለጥ?



በኒውዮርክ ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ስሙን በመንግሥት መዝገብ ያስገባል፤ ይህን እደግፋለሁ። ነገር ግን በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. በኮኔቲከት የኒውታውን ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ፥ ዘ ጆርናል ኒውስ የተባለው ጋዜጣ የዌስትቸስተርንና የሮክላንድን ባለፈቃዶች ስምና አድራሻ በካርታ አወጣ። ሕግ አልጣሰም፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነበርና። ዳሩ ግን ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሽጉጥ የያዘች ሴት፥ ቤቷ በካርታ ሲታይ ምን ይዋጣት? ለሌባውስ ቢሆን፥ ሽጉጥ የሌለበት ቤት የትኛው እንደ ሆነ መጠቆም አይደለምን?

በጥር 2013 የወጣው ሕግ፥ ባለፈቃዱ ምክንያቱን ገልጾ «ስሜ አይገለጥ» ብሎ እንዲያመለክት ፈቀደ። ጋዜጣውም ካርታውን በዚያው ወር አነሣ። ሕጉ መልካም ነው፤ የምነቅፈው ግን ምስጢሩን ላመለከተ ብቻ መጠበቁን ነው። ያች ሴት ስለ ማመልከቻው ሳትሰማ ብትቀርስ? መዝገቡን ፖሊስ ይመልከተው፤ ሌላው ሰው ማየት ሲፈልግ፥ አመልካቹ እሱ ይሁን።