ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ጨዋታ፦ ተጫዋቾች በ«ክራይሲስ ኮር» ላይ ስለሰጡት ፍርድ



ስለ ልብ ወለድና ስለ ተውኔት በሚነገርበት በዚህ አዳራሽ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ሊነገር መሆኑ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቃል ላስቀድም። ዛሬ ዋና ጉዳዬ ተጫዋቾች ስለ አንድ ጨዋታ የሰጡት ፍርድ ነው። አንባቢ ስለ አንድ መጽሐፍ ሲያጉረመርም ምን ማለቱ እንደሆነ መመርመር የሂስ ሥራ ነው ብለን ካመንን፣ የተጫዋቹን ማጉረምረም የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም ተጫዋቹ የሚያማርረው ብዙ ሰዓት እጁን አስገብቶ ስለሠራበት ነገር ነውና፣ ቅሬታው ከሐያሲው ምስጋና ይልቅ ሥራውን አጥርቶ የሚያሳይበት ጊዜ አለ።

የመረጥሁት ሥራ «ክራይሲስ ኮር፦ ፋይናል ፋንታሲ 7» ይባላል። የጃፓኑ ኩባንያ ስኩዌር ኤኒክስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በአገሩ፣ በ2008 ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ያወጣው፣ በፍልሚያ ላይ የተመሠረተ የሚና ጨዋታ ነው። የተሠራው ፕሌይስቴሽን ፖርተብል ለሚባለው፣ ስክሪኑ 4.3 ኢንች ብቻ ለሆነ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነበር። ዳይሬክተሩ ሃጂሜ ታባታ፣ የታሪኩ ጸሐፊ ካዙሺጌ ኖጂማ ናቸው። ሥራው መቅድማዊ ነው፤ ማለትም በ1997 ከወጣው ከዋናው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ዐሥር ዓመት በኋላ ተሠርቶ፣ ከዋናው በፊት የሆነውን ይተርካል።

ዋናውን ላልተጫወታችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የ1997ቱ ጨዋታ ባለታሪክ ክላውድ ይባላል። ሺንራ በተባለው ኃያል ኩባንያ ሥር «ሶልጀር» በሚባለው ልዩ ጦር ውስጥ አንደኛ ማዕረግ እንደ ነበረው ይናገራል። ታሪኩ ከገፋ በኋላ ግን ይህ ትዝታ የራሱ እንዳልሆነ ይገለጣል። ያ ማዕረግ፣ ያ አነጋገር፣ በጀርባው የተሸከመው ያ ግዙፍ ሰይፍ ሳይቀር ዛክ ፌር የተባለ የሌላ ወጣት ነበር። ዛክ በዋናው ጨዋታ ውስጥ የሚታየው በጥቂት ትዕይንቶች ነው፤ አሟሟቱ የሚታይበት ትዕይንት ደግሞ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ተመልሶ ካልፈለገው በቀር ሳያየው የሚያልፈው ነው። እንግዲህ «ክራይሲስ ኮር» ባለታሪክ አድርጎ የመረጠው መሞቱ አስቀድሞ የተነገረውን ይህን ሰው ነው።

ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ካሳ ከቋራ ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ ያውቃል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብሎ መጽሐፉን የሚገዛ የለም። የሚያነበው ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ለመሄድ ነው። በጨዋታ ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። መጽሐፍ አንባቢውን «አንተ ንዳው» አይለውም። ጨዋታ ይላል። እጣው የተቆረጠለትን ሰው በእጃችን ሰጥቶ «ታገልለት» ሲለን፣ ትግላችን ምን ዋጋ አለው? ተጫዋቾች በዚህ ሥራ ላይ የተከራከሩበት ነገር ሁሉ፣ ቃሉ ቢለያይም፣ ወደዚህ ጥያቄ የሚመለስ ይመስለኛል።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሜካኒዝም ነው። በውጊያ ጊዜ በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ሦስት የሥዕልና የቁጥር ዓምዶች ያለማቋረጥ ይሽከረከራሉ፤ «ዲጂታል ማይንድ ዌቭ» ይባላል። አሠራሩ የቁማር ማሽን ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የተወሰኑ ቁጥሮች ሲገጥሙ ዛክ ለጥቂት ጊዜ አይቆስልም፣ ወይም አስማቱን ያለ ወጪ ይጠቀማል። የአንድ ሰው ፊት በሦስቱም ዓምዶች ላይ ሲገጥም ከዚያ ሰው ጋር የተያያዘ ብርቱ ምት ይወጣል። ፊቶቹ ዛክ በሕይወቱ ያገኛቸው ሰዎች ናቸው፦ መምህሩ አንጂል፣ ሴፊሮት፣ ኤሪስ፣ ክላውድና ሌሎችም። አንዳንዴ ዓምዶቹ ሲሽከረከሩ ውጊያው ይቆምና ከዚያ ሰው ጋር ያሳለፈው አንድ ትዝታ በስክሪኑ ላይ ያልፋል። ባለታሪኩ በደረጃ የሚያድገውም ሦስት ሰባት ሲገጥም ነው። ከበስተጀርባ የተሰወረ የልምድ ቆጠራ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ተጫዋቹ ግን ይህን አያይም። ለእርሱ እድገቱ እንደ እጣ የወደቀለት ነው።

ቅሬታው እንግዲህ ይታወቃችኋል። «እኔ ልፋቴን እፈልጋለሁ፣ ማሽኑ ዕድል ይሰጠኛል» ይላል ተጫዋቹ። በጠላት ላይ ሊያነጣጥር ሲል ዓምዶቹ ስክሪኑን ይይዙበታል፤ አስቦ ያዘጋጀውን ምት ሳይሰነዝር ያልጠየቀው ምት ይወጣል። በሚና ጨዋታ ባህል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደረጃ ማለት የላብ ዋጋ ነው፤ አንድ ሰው ሃምሳ ጭራቅ ገድሎ ከሃምሳው በኋላ የሚከፈለው ደመወዝ ነው። ደመወዙን በእጣ መክፈል ተጫዋቹን ያስቆጣዋል፤ ቢያስቆጣውም አልፈርድበትም።

ሆኖም ያው ተጫዋች ስለ ፍጻሜው ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። ዛክ አራት ዓመት በምርምር እስር ከቆየ በኋላ ራሱን የሳተውን ክላውድን ደግፎ አምልጧል። ወደ ሚድጋር ከተማ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የሺንራ ጦር ይከብባቸዋል። ጨዋታው ይህን ትዕይንት እንደ ፊልም አያሳይም፤ መቆጣጠሪያውን ለተጫዋቹ ይተወዋል። ተጫዋቹም ይዋጋል። የሚወድቁት ወታደሮች ብዙ ናቸው፣ የሚመጡት ግን ይበዛሉ። ያኔ ዓምዶቹ መበላሸት ይጀምራሉ። ይንገጫገጫሉ፣ ይጣበቃሉ፤ ፊቶቹ አንድ በአንድ ይደበዝዛሉ፤ ትዝታዎቹም እየተቆራረጡ ያልፋሉ። በመጨረሻ የሚቀረው የኤሪስ ፊት ነው፤ እርሱም ሊገጥም ሲል ያልፋል። ተጫዋቹ ቁልፉን እየተጫነ ነው። የሚለወጥ ነገር የለም።

በዚህ ትዕይንት ያለቀሱ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ ይህን ሲናገሩም አያፍሩም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያስለቀሳቸው መሣሪያ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምረው ሲረግሙት የነበረው ያው መሣሪያ ነው። «ከእጄ ሥልጣኔን ወሰደ» ሲሉ የወቀሱት ማሽን መጨረሻ ላይ ራሱ ሲሞት፣ የአንድ ሰው አእምሮ ሲጠፋ የተመለከቱ ያህል አዘኑ። ወቃሹና አመስጋኙ ስለ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ናቸው።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ቅሬታው ሁሉ ስሕተት ነበር፣ ሁሉም ለፍጻሜው የታሰበ ዝግጅት ነው» የሚሉ ጠበቆች አሉ። ከእነርሱ ጋር አልስማማም። አንድ ቤት ጣሪያው ስላማረ ወለሉ አያዘልቅም መባሉ አይቀርም። ዓምዶቹ ፊቶችንና ትዝታዎችን መያዛቸው ለፍጻሜው ያስፈልጋል፤ ደረጃን በእጣ ማደል ግን ለፍጻሜው ምንም አልጨመረለትም። ያ ክፍል ቢቀር የመጨረሻዋ ቅጽበት አንዲት ጠብታ አታጣም ነበር። ተጫዋቹ ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ላይ ረገማቸው፤ ጠበቃውም ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ላይ አመሰገናቸው።

ስለ ሦስት መቶዎቹ ተልእኮዎች ብዙ አልልም። ከዋናው ታሪክ ውጭ ተጫዋቹ ሲፈልግ የሚገባባቸው አጫጭር ውጊያዎች ናቸው፤ ዋሻው ያው ዋሻ፣ ሜዳው ያው ሜዳ ነው። በአውቶቡስ ወይም ሰው በሚጠበቅበት ወንበር ላይ ጥቂት ደቂቃ ላገኘ ሰው ተስማሚ ናቸው፤ ለዚያም ነው የተሠሩት። ተከታትሎ ሃያውን ለሚጫወት ሰው ግን ድንጋይ መፍለጥ ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው የጄነሲስ ጉዳይ ነው። ጄነሲስ በ1997ቱ ሥራ ስሙ ያልተነሣ ገጸ ባሕርይ ነው። መልኩ የተቀረጸው ጋክት ከተባለው ታዋቂ የጃፓን ዘፋኝ ሲሆን ድምፁንም በጃፓንኛው እርሱ ሰጥቶታል። በገባበት ሁሉ «ላቭለስ» ከተባለ ምናባዊ ግጥም ስንኝ እየመዘዘ ያነበንባል። ተጫዋቾች በእርሱ ላይ የሰጡት ፍርድ ምሕረት የለውም፤ የሚወዱት ቢኖሩም የተሰላቹት ድምፅ ይጎላል። ብዙዎች ምክንያቱን በግጥሙ ያሳብባሉ። እኔ ግን ግጥሙ ጥፋተኛ አይመስለኝም።

ተጫዋቾች የሚወዷቸውን ትዕይንቶች እስቲ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ዛክ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ጥሶ ወድቆ ኤሪስን የሚያገኝበት፤ አበባዎቿን በከተማው እንድትሸጥ የሚመክራትና ጋሪ የሚሠራላት፤ በበረዶ መካከል ከክላውድ ጋር «አንተም የገጠር ልጅ ነህ?» ተባብለው የሚሳሳቁበት፤ ሴፊሮት ገና ደግ ጓድ ሳለ የሚታይበት። እነዚህ ሁሉ ተጫዋቹ መጨረሻቸውን የሚያውቃቸው ናቸው። ኤሪስ በዋናው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ የአበባ ቅርጫት ይዛ እንደምትታይ፣ በኋላም በሴፊሮት እጅ እንደምትሞት ያውቃል። ስለዚህ አንዲት ተራ የእንጨት ጋሪ እንኳ ትከብደዋለች። ጸሐፊው ምንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ግማሹን ትርጉም ተጫዋቹ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ጄነሲስ ግን ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ነው። ምን እንደሚደርስበት ማንም አያውቅም፤ ተለምዷዊው አስተሳሰብ እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ ጉጉት ይፈጥራል ይለናል። በዚህ ሥራ የሆነው ተቃራኒው ነው። ፍጻሜው የታወቀው ልብ ሰቀለ፣ ያልታወቀው አሰለቸ። የጉጉት ምንጭ አለማወቅ ነው ብለን ለተማሪዎቻችን የምናስተምረውን ትምህርት ቆም ብለን እንድናየው የሚያስገድድ ማስረጃ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ፍርዱን ቀርጾታል፤ እርሱም ሥራው ለረጅም ጊዜ በቀላሉ የማይገኝ መሆኑ ነው። ጨዋታው የተሸጠው በዲስክ ብቻ ነበር። በ2009 የዲስክ ማስገቢያ የሌለው የዚያው መሣሪያ ሌላ ዓይነት ሲወጣ፣ እርሱን የገዛ ሰው «ክራይሲስ ኮር»ን የሚያስገባበት ቀዳዳ አልነበረውም፤ ከኢንተርኔት መደብሩ እንዳይገዛውም አልቀረበም። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ያላቸው ሰዎች አሮጌውን ዲስክ ጠብቀው ያዙ፤ የሌላቸው ከሌሎች አንደበት ሰሙ። ትዝታ ደግሞ እንደ ወንፊት ነው፤ ሦስት መቶ ዋሻዎችን አሳልፎ አንድ ሞት ያስቀራል። የሥራው ዝና በእነዚህ ዓመታት ከፍ ማለቱ አይደንቅም።

በታኅሣሥ 2022፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ «ሪዩኒየን» የሚል ስም የተጨመረበት እድሳት ለልዩ ልዩ ኮንሶሎችና ለኮምፒውተር ወጣ። ምስሉ ተዋበ፣ ንግግሩ ሁሉ በድምፅ ሆነ፣ ውጊያውም ፈጠነ። ዛክ በእንግሊዝኛው አዲስ ተዋናይ ተሰጠው፤ የቀድሞውን ድምፅ በልባቸው ይዘው የኖሩት አዘኑ፣ ሥራውን ያን ጊዜ ያወቁት ግን ልዩነቱ አልታያቸውም። ተልእኮዎቹም በትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ሲደረደሩ፣ በአውቶቡስ ላይ ይቅር ይባል የነበረው ድግግሞሽ ይቅርታ አጣ።

ከሁሉ የሚያስበው ለውጥ ግን ዓምዶቹን የሚመለከተው ነው። በእድሳቱ የሰዎቹ ፊቶች ሲገጥሙ ምቱ ወዲያው በራሱ አይወጣም፤ ተጫዋቹ ይዞ አቆይቶ በፈለገው ሰዓት ይጠቀምበታል። ዐሥራ አምስት ዓመት የቆየ ቅሬታ መልስ አገኘ ማለት ነው። ውጊያውን አሻሽሎታል፤ ይህን የሚክድ ብዙ አላጋጠመኝም። ነገር ግን የመጨረሻውን ትዕይንት በሁለቱም ቅጂ አስተያይቼ ስመለከት አንድ ልዩነት ተሰምቶኛል። በቀድሞው ዓምዶቹ ሲበላሹ የሚጠፋው የዛክ ነው፤ ተጫዋቹ ከመጀመሪያም ሥልጣን አልነበረውምና ተመልካች ሆኖ ያዝናል። በአዲሱ ግን የሚጠፋው ከተጫዋቹ እጅ ነው፤ የተማመነበት ቁልፍ መልስ አልሰጠውም። የቀድሞው ለዛክ እንዳዝንለት አደረገኝ፤ አዲሱ ለአፍታ ራሴን ዛክ አደረገኝ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ እኔ የቀድሞውን እመርጣለሁ፤ ሰው የሌላውን ሞት ከውጭ ሆኖ የሚያይበት ርቀት ለሐዘን ያስፈልገዋል ብዬ ስለማምን ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ስንነጋገርበት አብዛኞቹ አዲሱን መርጠዋል፤ እስካሁንም አላሳመንኋቸውም።

 ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ ጨዋታውን የተጫወታችሁ ካላችሁ ደግሞ ከእናንተ ልጀምር።