ከመጠምጠም መማር ይቅደም
ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓት መሐንዲስ የቅጥር ፈተና ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር



በኮምፒዩተር ሥርዓት ሥራ ለመቀጠር የሚቀርብ መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ ለቃል ፈተናው የሚዘጋጀው የጥያቄና መልስ ስብስብ በማጥናት ነው። ድካሙ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ፈታኙ የሚሻው፣ ብዙ ሰው የሚገለገልበት ማሽን በእኩለ ሌሊት ቢቆም ምክንያቱን ፈልጎ የሚደርስበትን ሰው ነው።

ለዚህ ጥሩ አስረጂ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የአሜሪካ መንኮራኩር የፓዝፋይንደር ታሪክ ነው። ካረፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒዩተሯ በየጊዜው ሥራውን እያቋረጠ እንደ አዲስ ይነሣ ጀመር። ነገሩ ሲመረመር፣ የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ተግባር አንድ የጋራ ቁልፍ ይይዛል፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ተግባርም ያንኑ ቁልፍ ይጠብቃል። በዚህ መካከል ቁልፉን ጨርሶ የማይፈልግ መካከለኛ ተግባር ፕሮሰሰሩን ሲይዝ፣ ዝቅተኛው ሥራውን ፈጽሞ ቁልፉን ሊለቅ አይችልም። ከፍተኛው በተወሰነለት ጊዜ ባለመጨረሱ ተቆጣጣሪው ክፍል ከባድ ብልሽት እንደ ደረሰ ቆጥሮ ኮምፒዩተሩን እንደ አዲስ ያስነሣዋል። መሐንዲሶቹ በምድር ባለው አምሳያ ላይ ብልሽቱ እንዲደገም አደረጉ፤ ቁልፉን የያዘው ተግባር የሚጠብቀውን ተግባር ቅድሚያ እንዲወርስ የሚያደርግ ማስተካከያም ወደ ማርስ ልከው ችግሩን አስወገዱ።

የዚህን ብልሽት ስም የሸመደደ ተፈታኝ ብዙ ነው። ስሙ ሳይነገረው፣ ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። ፈታኙ «ማሽኑ ዘገየ፤ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመዝነው ይህንኑ ነው። የተዘጋጀ ሰው መልስ ለመስጠት አይቸኩልም፤ አስቀድሞ የዘገየው ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩ ወይስ ኔትወርኩ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ በምን እንደሚለካውም ይናገራል። የመጠን ግምትም አለው። ከሜሞሪ ማንበብ 100 ናኖሰከንድ ገደማ፣ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንድ ቦታ ፈልጎ ማንበብ ግን 10 ሚሊሰከንድ ገደማ እንደሚወስድ፣ ልዩነቱም 100,000 እጥፍ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው፣ ጥፋቱን ከየት መፈለግ እንደሚጀምር አይቸገርም።

እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚገኘው በእጅ በመሥራት ነው። የሊኑክስ ምንጭ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፣ አንድ ተራ ኮምፒዩተር ለትምህርት ቤትነት ይበቃል። ተማሪው ሁለት ቁልፎችን በተቃራኒ ቅደም ተከተል የሚይዙ ሁለት ተግባሮች ጽፎ እርስ በርስ ተጠባብቀው ሲቆሙ ይመልከት፤ ሜሞሪ እስኪያልቅ የሚበላ ፕሮግራም ጽፎም ከርነሉ የሚወስደውን እርምጃ ይከታተል፤ አንድ ፕሮግራም ከከርነሉ የሚጠይቀውን ሁሉ ኤስትሬስ በተባለው መሣሪያ ያንብብ። ከዚያም ያየውን ለባልደረባው በቃል ያስረዳ። ሲያስረዳ የተደናቀፈበት ቦታ ገና ያልገባው ቦታ ነውና፣ ወደዚያው ይመለስ።

በፈተናው ዕለት ከዕውቀቱ ወሰን የሚያልፍ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ «ይህን አላውቅም፤ ለማወቅ ግን በዚህ በኩል እጀምራለሁ» ማለት የሚያሳፍር አይደለም። በግምት የተሰጠ መልስ በፈተና ክፍል የሚያሳጣው አንድ የሥራ ቦታ ነው፤ በሥራ ላይ ግን የብዙ ሰው አገልግሎት ያቋርጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል።