እምብርቱ ሲነሣ፦ ስለ ዕፅዋት የዕድገት ኅብረ ሕዋሳት



የዕፅዋትን የዕድገት ኅብረ ሕዋስ፣ ማለትም ሜሪስተምን፣ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት በሽንኩርት ሥር ጫፍ ነበር። የሚከፋፈሉት ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ጥርት ብለው ስለሚታዩ ለመምህር ይመቻል። አንድ ቀን ግን እንሰት ከሚተከልበት አካባቢ የመጣ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ዕድገት ከጫፍ የሚመጣ ከሆነ እናቴ ችግኝ ስትፈልግ የእንሰቱን እምብርት ለምን ፈልፍላ ትጥለዋለች?» ሲል ጠየቀኝ። «ልማድ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ያ መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ግንድ የሚመስለው የእንሰት ክፍል ተደራርበው የቆሙ የቅጠል ግርጌዎች ስብስብ ነው። እውነተኛው ግንድ ከታች ያለው አምቾ ሲሆን፣ የጫፍ ሜሪስተሙ የሚገኘው በአምቾው አናት መካከል ነው። ጫፉና በዙሪያው ያሉት ለጋ ቅጠሎች የሚያመነጩት ኦክሲን የተባለ ሆርሞን የጎን እምቡጦች እንዳይነቁ ያፍናቸዋል። ለዚህም ነው እንሰት እንደ ዘመዱ እንደ ሙዝ በራሱ ጊዜ ልጆች የማያወጣው። እምብርቱ ተነሥቶ አምቾው በአፈርና በፍግ ሲቀበር አፈናው ይነሣል፤ ከአንድ አምቾም በአሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ይበቅላሉ። የተማሪው እናት የጫፍን የበላይነት በቢላዋ ይሽሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህንኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አላስተዋልኩትም።

ሣሮች ሌላ ብልሃት አላቸው። በአንጓዎቻቸው አጠገብና በቅጠላቸው ግርጌ መካከለኛ ሜሪስተም ስላለ፣ ላም ጫፉን ብትግጠው ቅጠሉ ከሥሩ ማደጉን ይቀጥላል።

ጽድና ወይራን የመሰሉ ዛፎች ደግሞ የሚወፍሩት ካምቢየም በተባለው የጎን ሜሪስተም ነው፤ ወደ ውስጥ እንጨትን፣ ወደ ውጭ ምግብ አስተላላፊውን ፍሎየም ይሠራል። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ሥሩ ምግብ አጥቶ ዛፉ ቀስ በቀስ ይደርቃል። (ችግኝን በሽቦ አጥብቀው የሚያስሩ ሰዎችም ግንዱ ሲወፍር ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሱበታል።)

እንሰት ይህ ካምቢየም የለውም። የዚህ ተክል ትልቁ ሥጋት ግን ችግኝ ለማፍላት የምንጠቀምበት ያው ቢላዋ ነው፤ የአጠውልግ በሽታን ባክቴሪያ ከታመመው ወደ ጤነኛው ያሻግራል። ስለዚህ ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳይሸጋገር በእሳት መለብለብ አለበት፤ አምቾውም ከጤነኛ ማሳ መመረጥ ይኖርበታል።

ለሁለት የተሰነጠቀ አምቾ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከጥያቄዎቻችሁ በፊት ቀርባችሁ እምብርቱን ተመልከቱ።