ያልዘራም ያጭዳል
(ለባልደረቦቼ ጋዜጠኞች ካደረግሁት ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካ ገበሬ ነው። «የራሳችን ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ሲጮህ የአሜሪካው ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ። ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

አሜሪካኖች ካውንቲ የሚሉትን አስተዳደር እንደ እኛ ወረዳ ብታዩት ብዙም አትሳሳቱም። በአብዛኛው የገጠር ካውንቲ የእርሻ ሚኒስቴሩ ቢሮ አለ፤ ገበሬው ራሱ የመረጠው ኮሚቴም አለ። ለድጎማ የሚመዘገበውም እዚያው ነው። እስከዚህ ያማረ ነው። ጣጣው ያለው ገንዘቡ የሚሰላበት መንገድ ላይ ነው።

በ1996 የወጣው የእርሻ ሕግ ድጎማውን መሬቱ ድሮ ይዘራበት ከነበረው ሰብል ጋር አሰረው። ዘንድሮ ምን ዘራህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መሬቱ ጦሙን ቢያድርም ይከፈልበታል። የ2002ቱ ሕግም ይህንኑ አጸና። ውጤቱስ? ቴክሳስ ውስጥ ኤል ካምፖ በምትባለው የሩዝ አገር የሩዝ መሬት እየተሸነሸነ ለቤት መሥሪያ ተሸጠ። ቦታውን የገዛው ሰው ቪላውን ሠርቶ፣ ፈረሱን አስሮ ተቀምጦ የሩዝ ድጎማ ቼክ ይደርሰዋል! ዋሽንግተን ፖስት በ2006 እንዳሰላው ከ2000 ወዲህ ጨርሶ ለማያርሱ ሰዎች የተከፈለው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ዓይነቱ ክፍያ የቀረው በ2014 ሕግ ነው።

ታዲያ የ2014ቱ ሕግ ካመጣቸው አማራጮች አንዱ ደግሞ የካውንቲውን አማካይ ገቢ ይመለከታል። አማካዩ ከተለመደው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ይከፈላል፤ መጠኑ እስከ 2024 ድረስ 86 በመቶ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የአንተን ማሳ ብቻ በረዶ ቢመታው፣ ካውንቲው ግን ደህና ካመረተ አምስት ሳንቲም አታገኝም። አንተ ጎተራህን ሞልተህ ካውንቲው ከከሰረ ደግሞ ይከፈልሃል። በ2019 ከቻይና ጋር በተደረገው የታሪፍ ጦርነት ለተጎዱ ገበሬዎች የተሰጠው ካሣም የተተመነው በካውንቲ ነው፤ በኤከር ከ15 እስከ 150 ዶላር። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ገበሬዎች መካከላቸው የካውንቲ ድንበር ስላለ ብቻ ሂሳባቸው ይለያያል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? መልሱ የእኛን ሙያ ይመለከታል። ዋሽንግተን ፖስት የጥጥ ድጎማ የወሰዱት ሰዎች ስም ይሰጠኝ ብሎ እርሻ ሚኒስቴሩን ከሰሰ፤ በ1996ም ፍርድ ቤት ፈረደለት። ከዚያ በኋላ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ዝርዝሩን ስም በስም፣ ካውንቲ በካውንቲ በኢንተርኔት ዘረገፈው። ጎረቤት የጎረቤቱን ቼክ አነበበ። መቼም የተናደደው ብዙ ነው።

ግን አሜሪካኖችንም ቅዱስ አናድርጋቸው። ዛሬ ከፍተኛ ገንዘብ የሚፈስበት ሌላው መንገድ የሰብል ኢንሹራንስ ነው፤ ከአረቦኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚከፍለው መንግሥት ነው። የትኛው ገበሬ ስንት እንደተከፈለለት ግን ስም ጠርቶ ማውጣት በሕግ ክልክል ነው። ስሙ ሲታይ ሰዉ ተናገረ፤ አሁን የማይታየው በር ሰፋ። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል፣ እኔ አይመስለኝም።

ወደ እኛው ልመለስ። በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ሲነካ መንግሥታችን በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ደጉሜያለሁ ብሏል። መልካም። የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ቀበሌ፣ እነማን ስንት ኩንታል ወሰዱ? እንዲህ ያለ ዝርዝር በየትኛውም ጋዜጣ ታትሞ አላየሁም። መረጃ የመጠየቅ መብት የሰጠን አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ (ይኸኛው 2000 የእኛው አቆጣጠር ነው)። እስቲ ከመካከላችሁ አዋጁን ይዞ አንድ ወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤት ገብቶ «የድጎማውን ዝርዝር አሳዩኝ» ያለ ካለ እጁን ያውጣ።