የጋዝ ምድጃና የደጋ ቤት



እንደ መሐል ሜዳ ባለ ብርዳም የመንዝ ከተማ ለሥራ የተመደበ ሰው፥ ማታ በርና መስኮቱን ጠርቅሞ በጋዝ ምድጃ መሞቅ ያምረው ይሆናል። ነገር ግን አየር ያነሰው ነበልባል ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ይወልዳል፤ በዚያው ተኝቶ የሚቀርም አለ። ስለዚህ ምድጃው ለወጥ፥ በርኖሱ ለብርድ ይሁን።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፥ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከመጣ ክብሪት አትጫሩ፤ የመብራት ማብሪያም አትንኩ፤ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘግታችሁ በሩን ክፈቱ።

በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፥ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም። ጋዝ በከንቱ እንዳያልቅ መቀመጫው ጠፍጣፋ፥ ክዳኑ ገጣሚ የሆነ ድስት ምረጡ፤ ነበልባሉም ከድስቱ መቀመጫ አይለፍ።

ደኅና እደሩ።