ከአቡ ዓሪሽ የሚመለሰው ደቀ መዝሙር
(በማኅበራችን መቶኛ ዓመት በዓል፥ ኅዳር 26 ቀን የተደረገ ንግግር)



ስለ ትምህርትና ስለ ተስፋ ጥቂት ቃል እንድናገር አባቶች ባዘዙኝ ጊዜ አስቀድሜ የገለጥሁት ስንክሳሩን ነበር። በዛሬው ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን የናግራንን ሰማዕታት ታስባለች፤ በዚሁ ዕለት የሐይቁን መምህር አባታችንን ኢየሱስ ሞዓንም ታከብራለች። ከባሕር ማዶ ደማቸው የፈሰሰውና ከባሕር ወዲህ ወንበር ዘርግቶ ያስተማረው በአንድ ቀን መታሰባቸው ልቤን ያዘው።

ናግራን ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ523 ክርስቲያኖቿ ስለ ሃይማኖታቸው ሲገደሉ፥ ንጉሣችን ካሌብ በ525 ገደማ ባሕሩን ተሻግሮ ደረሰላቸው። ከናግራን ወደ ምዕራብ፥ ተራራው ወርዶ ቆላው ከሚጀምርበት ወዲያ፥ ጂዛንና አቡ ዓሪሽ ይገኛሉ። መጽሐፍ ያላነበቡ የወሎና የራያ እናቶች ስንኳ እኒህን ስሞች አጥርተው ያውቋቸዋል፤ ልጆቻቸው ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ተሻግረው፥ የየመንን በረሃ በእግር አቋርጠው የሚሄዱት ወደዚያ ነውና። በጥማትና በጥይት በመንገድ የቀሩት ብዙዎች ናቸው። ማዕተባቸውን ፈትተው፥ ስማቸውን ለውጠው የሄዱም አሉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል።

ካሌብ የሄደበት ምክንያት በመጽሐፍ ተጽፏል። እኒህስ ስለ ምን ሄዱ? ድህነት ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን እኛ መምህራን በድህነት ብቻ አሳበን ከወቀሳው ማምለጥ አይገባንም። ልጁን ተስፋህ ከዚህ ፈተና ማዶ ነው ብለን አስተማርነው፤ ፈተናውን በወደቀ ጊዜ ደላላው መጥቶ ተስፋህ ከዚህ ባሕር ማዶ ነው አለው። የቦታው ስም ተለወጠ እንጂ ትምህርቱ አንድ ነው። ተስፋን በውስጡ እንዲፈልግ ያሳየው አልነበረም።

ስሙን የማልጠራው አንድ ወጣት በእግሩ ወደዚህ ገዳም መጣ። አባቱ በሬ ሸጦ ልኮት፥ በአቡ ዓሪሽ አቅራቢያ ፍየል ሲጠብቅ ቆይቶ፥ ተይዞ የተመለሰ ነው። በአገሩ ያለ ትምህርት ቤት ዕድሜህ አልፏል ብሎ መልሶታል። ወደ ቤቱ እንዳይገባ ደግሞ የበሬው ነገር አሳፈረው። «አባ፥ ከየት ልጀምር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ቅኔ ቤቱ ወሰድሁት።

ለእናንተ ለሊቃውንት ስለ ቅኔ ቤት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል፤ ስለ ተሳላሚዎቹ ጥቂት ልበል። በዚያ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ግስ ቢሰማ የሚያፍርበት የለም። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ፥ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ያስባል፤ ማታ ያሰበውን ለመምህሩ ያሰማል፥ መምህሩም ያርሙታል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ፥ ትናንት ያሰማውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የትናንቱ ቢያምርም አልፏል፤ ቢበላሽም አልፏል። ሌሊቱ ሲነጋ ተማሪው ሁልጊዜ ባዶ እጁን ነው፥ ሁልጊዜም ከልቡ ቆፍሮ ማውጣት አለበት። ይህን ሦስት ዓመት ያደረገ ሰው አንድ በር ሲዘጋበት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

የእኛን ቤት ብቻ ለማሞገስ አይደለም። ከደበሎና ከአኩፋዳ ኑሮ ሸሽተው በዚያው በረሃ የገቡ የቆሎ ተማሪዎች እንዳሉ እናውቃለን። የተራበ ልጅ ወርቁን ቀርቶ ሰሙንም አያገኘውም፤ ጎጆውንና እንጀራውን ካላሰብንለት ስለ ተስፋ የምንናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ መቀለድ ነው።

አባታችን ኢየሱስ ሞዓም ራሱ ከአገሩ የወጣ ሰው ነበረ። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምሮ፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ገደማ በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንበሩን ዘረጋ፤ መጻሕፍት ሰበሰበ፥ አስጻፈም። ለገዳሙ የሰጠው የ1280 ገደማ አርባዕቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከመጡለት ደቀ መዛሙርት አንዱ አባታችን ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ያ ሐይቅ የሚገኝበት ወሎ ዛሬ ልጆቹን ወደ ጂዛን የሚሸኝ አገር ሆኗል።

ስለዚህ ማኅበራችን ለመቶኛው ዓመት መታሰቢያ ከሚያሠራው ቤት ጥቂት ክፍል ከስደት ለሚመለሱ ወጣቶች እንዲለይ፥ ዕድሜያቸውም እንዳይጠየቅ፥ ቀለባቸውም እንዲታሰብ አባቶችን እለምናለሁ።

ያ ወጣት ትናንት ማታ ሁለተኛዋን ጉባኤ ቃናውን አሰምቶ ነበር። መሪጌታ «ሰሙ ደርሷል፥ ወርቁ ገና ነው» ብለው መለሱት። ዛሬ ማለዳ ወደዚህ ስመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ከወይራው ሥር ተቀምጦ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ የበዓሉን ደወል የሰማም አልመሰለኝም።