የግቢ ውሻና የሚያበላው ሰው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውኃ መስመር መናገር ሲገባው ስለ ውሻ የሚናገር መሐንዲስ መጣ ብላችሁ ፈገግ ያላችሁ ብትኖሩ አልቀየምም። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን እኛ በምንሠራበት ሥፍራ ሁሉ ውሻ አለ። የሲሚንቶ መጋዘኑ ቆርቆሮ ከተመታ ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው አንድ ቡችላ በጋቢው ሸፍኖ ይዞ ይመጣል። አጥሩን፥ የቆሻሻ መጣያውንና የቄራውን ፍሳሽ ማስወገጃ የምንነድፈውም እኛው ነን፤ ውሻ የሚኖረውና የሚራባው ደግሞ በእነዚሁ ዙሪያ ነው። እንግዲህ ርእሱ ከሙያችን የራቀ አይመስለኝም።

ሕዝባችን ከውሻ ጋር ያለው ዝምድና ጥንታዊ ቢሆንም ውሉ አጭር ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ እናበላለን፥ ይጮኻል፤ ከዚህ ያለፈ ግዴታ በሁለቱም ወገን የለም። ማሠልጠን ሲባልም ብዙው ሰው የሚያስበው ማስቆጣትን ነው። ቀን በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሌሊት ኃይለኛ ይሆናል ይባላል። በእርግጥም ኃይለኛ ይሆናል፤ ኃይሉን ግን በማን ላይ እንደሚያውለው ለይቶ አያውቅም።

ይህን ጉዳይ በሙያችን ቋንቋ ላስረዳ። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ደወል ተተክሎ ነፋስም ሲነፍስ፥ ድመትም ስታልፍ፥ መኪናም ሲያልፍ ሌሊቱን ሙሉ ቢደወል፥ በሦስተኛው ቀን ማንም ሰው ከአልጋው አይነሣም። የብዙ ግቢዎቻችን ውሻ እንዲህ ያለ ደወል ነው። ጥሩ ጠባቂ ማለት ዝም ማለትን የሚያውቅ ውሻ ነው፤ ሲጮኽ ባለቤቱን ከእንቅልፉ የሚያስነሣው፥ ሌላ ጊዜ ዝም ስለሚል ነው። ይህ ችሎታ የሚገኘው በቡችላነት ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት እንዳስረዱት፥ ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ዓለሙን የሚያውቅበት ዘመን ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሕፃን፥ ሽማግሌ፥ ጃንጥላ የያዘ ሰው፥ በግና መኪና ያየ ቡችላ የዘወትሩን ከእንግዳው ይለያል። በእነዚሁ ሳምንታት ከመጋዘን ጀርባ ታስሮ የከረመ ግን ሲያድግ የማያውቀውን ሁሉ ይፈራል፤ የሚናከሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃቱ የተነሣ ነው። እንግዲህ «ማንንም አትልመድ» ብለን የምናሳድገው ውሻ፥ ፈሪ አድርገን የምናሳድገው ውሻ ነው።

ስለ ማሠልጠኑ ዘዴ ብዙ የምለው የለኝም፤ የረቀቀ ነገር የለበትምና። ሩሲያዊው ሊቅ ፓቭሎቭ ምግብ ከመቅረቡ በፊት የሚሰማ ድምፅ ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያስመጣ ካሳየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ውሻ ሁለት ነገሮችን የሚያያይዘው ተከታትለው ሲመጡ ነው። ቁራሽ እንጀራውም ሆነ «ጎበዝ» የሚለው ቃል መልካሙን ሥራ ወዲያው፥ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተከተለው ውሻው ለምን እንደ ተመሰገነ አያውቅም። ጠዋት ጫማ ያኘከን ውሻ ቀትር ላይ «ቡቺ፥ ና!» ብሎ ጠርቶ የሚገርፍ ሰው፥ ስለ ጫማው አንድም ነገር አላስተማረውም፤ ያስተማረው «ና» ሲባል ዱላ እንዳለ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አባወራው «ተው»፥ ልጁ «እረፍ»፥ ዘበኛው «ሂድ» እያሉ አንዱን ነገር በሦስት ቃል ሲከለክሉት ደግሞ ውሻው ሦስቱንም መስማት ይተዋል። ሦስት ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች ያሉበትን የሥራ ቦታ የሚያውቅ ሁሉ የውሻውን ችግር ይረዳዋል።

ስለ ማደሪያው ግን መናገር የሙያ ግዴታዬ ነው። ከቆርቆሮ ብቻ የሚሠራው የውሻ ቤት ቀን ምድጃ፥ ሌሊት በረዶ ቤት ነው። ወለሉ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ግድግዳው እንጨት፥ ጣሪያው ቆርቆሮም ቢሆን ከሥሩ ሣር ወይም ጣውላ ይኑረው፤ በሩ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይዙር። ስፋቱ ውሻው ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ይብቃው እንጂ ከዚያ አይብለጥ፤ ትንሽ ቤት በውሻው በራሱ ሙቀት ይሞቃልና። ውሻውን ማሰር የግድ ከሆነ፥ በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተት ማድረግ በቂ ነው። ሽቦውም ቀለበቱም ከማንኛውም የሥራ ቦታ ትራፊ አይጠፋም። በአንድ ግንድ ላይ በአንድ ሜትር ሰንሰለት የሚውል ውሻ በአንጻሩ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ መናከስ ብቻ ነው።

ወደ ምግቡ ስመጣ፥ ከሽንኩርት ብዛት የተነሣ ወጣችን ለውሻ ደም እንደማይስማማ፥ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት እንደሚወጋ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ሳምባን ግን አላልፈውም። በየልኳንዳው ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው፥ በየበዓሉም በየግቢው ከሚታረደው በግ ላይ ተቆርጦ የሚወረወረው ጥሬ ሳምባና ጉበት አንዳንድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይገኝበታል። ያ ከረጢት የአንድ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ፥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፥ በጎመንና በውኃ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳምባ ውስጥም ያው ከረጢት ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ያድጋል፤ መድኃኒት ባልበቃበት ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ነው። መከላከያው ግን ድስት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል የተንተከተከ ሳምባ ለውሻው ምግብ ነው እንጂ ለቤተ ሰቡ አደጋ አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የግንባታ ሥፍራ ስሠራ፥ ለአባቷ ምሳ ያመጣች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በመጋዘኑ ውሻ ጥጃዋን ተነከሰች። በዚያው ከሰዓት በኋላ ውሻው ተደብድቦ ተገደለ፤ ሬሳውም ገደል ተጣለ። አባቷ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ሊወስዳት አስቦ ሁለት ቀን ቆየ። ውሻው ይበድ አይበድ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያንን ሊነግረን ይችል የነበረው ብቸኛ ምስክር ገደል ውስጥ ነበርና። ልጅቷ በመጨረሻ ክትባቱን አግኝታ ዳነች፤ ዛሬም ደኅና ናት። እነዚያን ሁለት ቀናት ግን አባቷ የሚረሳቸው አይመስለኝም።

በዚህ ነገር ውስጥ ሰፊው ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባው ሁሉ አለ። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላም የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሕይወት ያድናል። ብዙ ሰው አሁንም የሚፈራው ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት ይሰጥ የነበረውን የቀድሞውን መርፌ ነው፤ ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ በጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ነው። የነከሰውን ውሻ በተመለከተ ደግሞ፥ ያለ አደጋ መያዝ ከተቻለ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ደኅና ሆኖ ከቆየ፥ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሕክምናው ግን የ10ን ቀን ውጤት አይጠብቅም።

በመርዝ መጨረስስ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። በእኔ አስተያየት ይህ የተሰበረ ቧንቧ ሳይጠግኑ ወለል መጥረግ ነው። ቆሻሻው ክፍት እስከሆነና የቄራው ትራፊ እስከፈሰሰ ድረስ፥ የሞቱትን ያልተከተቡ አዳዲስ ቡችላዎች ይተኩአቸዋል፤ ከሞቱት መካከልም የተከተቡ ይኖራሉ። የሠራው መንገድ ሌላ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ሜክሲኮ በዚሁ መንገድ ለብዙ ዓመታት ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማስወገዷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ለእኛ ጉዳዩ የሰው ብቻም አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፥ በዓለም ላይ በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ2003፥ በ2008 እና በ2014 በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ አልቆበታል፤ የበሽታውም ምንጭ የእረኞች ውሾች ናቸው።

ትምህርቱ ለማን ይሰጥ የሚለው ለእኔ ዋናው ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ምክር የሚሰጠው ለውሻው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ውሻውን የሚያበላው፥ የሚያስረው፥ የሚፈታውና የሚገርፈው ዘበኛው፥ የቤት ሠራተኛዋና ልጆቹ ናቸው። የተጻፈ መመሪያ ለማያነብ ዘበኛ ወረቀት ማደል ከንቱ ነው። በክትባቱ ዕለት ውሻውን በገመድ ይዞ የሚመጣው እርሱ ስለሆነ፥ ተራውን ሲጠብቅ በአሥር ደቂቃ በቃልና በእጅ ማሳየት ይቻላል። ልጆችም የሚበላን ውሻ እንዳይነኩ፥ ውሻ ሲጠጋቸው እንዳይሮጡ፥ ከሁሉም በላይ ከተነከሱ እንዳይደብቁ በትምህርት ቤት ይነገራቸው። ቁጣን ፈርቶ ቁስሉን የሚደብቅ ልጅ ብዙ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የግንባታ ሥራ ዝርዝር ውስጥ፥ ከዘበኛው ቤትና ከመጸዳጃው ቀጥሎ፥ ለውሻው ማደሪያ፥ ለተንሸራታች ሰንሰለቱና ለዓመታዊ ክትባቱ አንድ መስመር እንዲገባ አሳስባለሁ። የማደሪያውን ንድፍና የዕቃውን ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ፤ በዕረፍቱ ሰዓት ማየት ለሚፈልግ አባል በጠረጴዛው ላይ ይገኛል።